የእጅ አቋራጭ፤ ከዱብሉቅ ኤላ እስከ ጽሕፈት ቁልፍ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጐዳና የሚጓዝ መንገደኛ ያቤሎን ካለፈ በኋላ፣ ሜጋ ሳይደርስ፣ ዱብሉቅ የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ዱብሉቅ በቦረና ምድር በጥልቅ ኤላዎቿ የታወቀች ናት። ቱላ ከሚባሉት ከእነዚህ ኤላዎች አንዳንዶቹ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ስላላቸው፣ አንድ ሰው ብቻውን ወርዶ ቀድቶ ልውጣ ቢል ከብቶቹ ሳይጠጡ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ ጐልማሶቹ ከኤላው ግርጌ እስከ ውሃ ማጠጫው ገንዳ ድረስ ከበላይ እስከ በታች ተደርድረው ይቆሙና፣ ሙሉውን መቅጃ ወደ ላይ፣ ባዶውን ወደ ታች፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያሳልፋሉ። እጃቸው እንዳይሳሳት በዜማ ይመራሉ። የማጠጣቱንም ተራ የሚያስከብር «አባ ሔሬጋ» የሚባል ሹም አላቸው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፣ ይህ የታወቀ አቋራጭ መንገድ ነው። የኤላው ጥልቀት አልቀነሰም፤ ውሃውም ወደ ላይ አልቀረበም፤ ያጠረው የእያንዳንዱ ሰው ድካም ብቻ ነው። ያጠረበትም ምክንያት ሁሉም አንድ ሥርዐት ስለ ተቀበለ ነው። ከመካከል አንዱ በገዛ ዜማው ልሥራ ቢል ውሃው በመንገድ ይፈስሳል።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህን ያነሣነው ስለ ውሃ ለመተረክ አይደለም። ዛሬ በእነዚህ የቆላ ከተሞች፣ በዱብሉቅም ሆነ በያቤሎ፣ በሜጋም ሆነ በነገሌ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ከኮምፒውተር ፊት ወደ ተቀመጠ ጸሐፊ ይሄዳል። ጸሐፊው ሁለት ቁልፎችን በአንድነት ተጭኖ ሙሉ ገጽ ሲገለብጥ፣ ሌላ ሁለት ነክቶ የተሳሳተውን ሲመልስ፣ ባለጉዳዩ እየተደነቀ ያያል። እንዲህ እየተጣመሩ የሚነኩት ቁልፎች አቋራጭ ቁልፎች ይባላሉ። በየቀኑ የማይነካቸው የቢሮ ሠራተኛ የለም ለማለት ይቻላል፤ ከየት እንደ መጡና ለፊደላችን ምን ጥቅም፣ ምን ጉዳት እንዳመጡ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ታሪክ ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

የጽሕፈት አቋራጭ ከመኪና ጋር የተወለደ እንዳይመስለን። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በድጓው ቃል ራስ ላይ በትንንሹ የሚጽፉት ምልክት አለ። ይህን ሥርዐት በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደረሱት ይነገራል። ምልክቱ ከታወቀ የዜማ ሐረግ የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው፤ መሪጌታው ያን ፊደል ባየ ጊዜ የሐረጉ ሙሉ ዜማ ትዝ ይለዋል። በሁለት ፊደል ረዥም ዜማን መጥራት ከተቻለ፣ ከዚህ የበለጠ አቋራጭ ከወዴት ይገኛል? ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚያገለግለው ዜማውን አስቀድሞ በቃሉ ላጠና ሰው ነው። ምልክቱ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአንድ ትርጕም ባይተላለፍ ኖሮ፣ የአንዱ ደብተራ መጽሐፍ ለሌላው ዝም ባለ ነበር።

አሁን ወደ መኪናው እንለፍ። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ ከጓደኞቹ ጋር ያሰበው የጽሕፈት መኪና በሬሚንግተን ፋብሪካ ተሠርቶ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1874 ለገበያ ሲወጣ፣ የሚጽፈው በትልልቁ የላቲን ፊደል ብቻ ነበር። ትንንሾቹም ይጨመሩ ቢባል የቁልፎቹ ቍጥር እጥፍ ሊሆን ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ሬሚንግተን ይህን ችግር በአንዲት ቁልፍ ፈታው። እርስዋም እስከ ዛሬ ሺፍት የምንላት ናት። ብቻዋን ብትነካ ምንም አትጽፍም፤ ከሌላ ቁልፍ ጋር ስትነካ ግን ያን ቁልፍ ሌላ ፊደል እንዲያወጣ ታደርገዋለች። በኋላ ዘመን የመጡት ኮንትሮልና ኦልት የሚባሉት ቁልፎች የዚህችው አሳብ ልጆች ናቸው። በጥቂት ቁልፍ ብዙ ነገር መሥራት የሚለው ጥበብ ከዚህ ላይ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

የላቲን ጸሐፊ 26 ፊደላትን በትልቅና በትንሽ አጥፎ ተገላገለ። የእኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሟ፣ ሏ እና አኃዞቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋሉ። ማተሚያ ቤት ይህን ሁሉ ሊሸከም ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የእርሳስ ቅርጽ ቀርጾ በየሣጥኑ ያስቀምጠዋልና። በ1513 እ.ኤ.አ. በሮማ የግዕዙ መዝሙረ ዳዊት የታተመው፣ በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም የሠራው በዚህ መንገድ ነው። የጽሕፈት መኪና ግን ሃምሳ የማይሞላ ቁልፍ ይዞ፣ በሺፍት እጥፍ ቢሆን እንኳ መቶ የማይሞላ ፊደል ብቻ ይችላል። እንግዲህ ከሁለት መቶ የሚበልጠው ሠራዊት በዚህ ጠባብ በር እንዴት ይግባ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ቀድመው ከተነሡት ኢትዮጵያውያን ስማቸው የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ አስቀድሞ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ያሰቡ እርሳቸው ናቸው። የዚህ ዐይነቱ መኪና አሠራር ፊደሉን ግንድና ቅርንጫፍ አድርጎ መለየት ነው፤ ይኸውም ግንዱ በአንድ ቁልፍ ከተመታ በኋላ የካዕቡ፣ የሣልሱ ወይም የኃምሱ ቅጥያ በሌላ ቁልፍ ይጨመርለታል። በኋላም ኦሊቬቲ የተባለው የጣልያን ኩባንያ የሠራቸው የአማርኛ መኪናዎች በየመሥሪያ ቤቱ ገብተው ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ደብዳቤ ተጻፈባቸው። የዚያን ዘመን ደብዳቤ ያነበበ ሰው፣ ቅጥያው ከግንዱ አንዳንዴ ሲርቅ፣ አንዳንዴም ሲጋጭ ማየቱን አይረሳም። የቁም ጸሐፊዎች የደከሙበት የፊደሉ ውበት በመኪናው ላይ ጐደለ፤ ቢሆንም ሥራው ተሠራ።

የመኪናው ጥበት ሌላም ክርክር አስነሣ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከሊቃውንቱና ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ ፊደሉ ይሻሻል፣ ቍጥሩም ይቀነስ የሚል አሳብ አቀረቡ፤ ከእነዚህም አንዱ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ መኪናው ለፊደሉ ይታዘዝ እንጂ ፊደሉ ለመኪናው አይታዘዝ አሉ። ክርክሩ ሳይቋጭ ቆይቶ፣ የኋለኛው ወገን አሳብ የሚፈጸምበት ዕቃ ከባሕር ማዶ መጣ። እርሱም ኮምፒውተር ነው።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቁት አቋራጮች የተወለዱት በሁለት ስፍራ ነው። አንደኛው በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት ነው። ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት የተባሉት ሁለት ሰዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለአንድ መጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት «ጂፕሲ» የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ሠሩ። በዚያ ዘመን የመጽሐፍ አራሚዎች ወረቀቱን በመቀስ ቈርጠው በሙጫ ይለጥፉ ነበርና፣ እነዚህ ሰዎች ያንኑ የእጅ ሥራ ወደ መስታወቱ ላይ አመጡት። መቍረጥ፣ መገልበጥና መለጠፍ የሚባሉት ሦስቱ ትእዛዞች የታወቁት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው። ቴስለር ኋላ ወደ አፕል ኩባንያ ሄዶ «ሊዛ» በተባለችውና በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣችው ኮምፒውተር ሥራ ተካፈለ። በእርስዋም ላይ ለእነዚህ ትእዛዞች ከታችኛው መሥመር በስተግራ ጐን ለጐን ያሉት የላቲን ፊደላት ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ ተመደቡላቸው። ኤክስ የመሰረዝ መስቀልን ስለሚመስል ለመቍረጥ፣ ቪ በጽሑፍ መካከል «ከዚህ ይግባ» የሚለውን የአራሚ ምልክት ተገልብጦ ስለሚመስል ለመለጠፍ ሆኑ፤ ሲ «ኮፒ» የሚለው ቃል መነሻ ናት፤ ዜድ ደግሞ ጎረቤታቸው ስለ ሆነች የተሠራውን ለመመለስ ተሰጠች። የግራ እጅ ሳይንቀሳቀስ አራቱንም ይደርስባቸዋል፤ የቀኝ እጅ በዚያ ጊዜ በሌላ ሥራ ላይ ነውና። ቴስለር በ2020 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ ስሙን ከማያውቁት ብዙ ሚሊዮን ሰዎች መካከል ግን አሳቡን በየቀኑ በጣቱ የማይነካው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ስፍራ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣውን የግል ኮምፒውተር ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ዴቪድ ብራድሊ፣ መኪናው ደርቆ እንቢ ባለ ጊዜ እንደ ገና የሚያስነሣውን የሦስት ቁልፍ ጥምረት አሰበ፤ ይኸውም ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ነው። ብራድሊ ቁልፎቹን የመረጣቸው እንዲቀራረቡ ሳይሆን እንዲራራቁ ነው፤ ሰው ሳያስበው በአንድ እጁ ነክቶ ሥራውን እንዳያጠፋ ሁለት እጅ እንዲጠይቅ አደረገው። ከዚህ የምንማረው፣ መልካም አቋራጭ ማለት መንገድን ሁሉ ማሳጠር ማለት እንዳልሆነ ነው። አደገኛውን መንገድ ማስረዘምም ጥበብ ነው።

አሁን በዱብሉቅ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው በአሳባችን እናስቀምጥና የቀን ሥራውን እንመልከት። የመጀመሪያ ወዳጁ ኮንትሮልና ኤስ ነው፤ ይህም የጻፈውን የሚያስቀምጥለት ነው። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አገር ይህን አቋራጭ በየአንቀጹ የማይነካ ጸሐፊ፣ የግማሽ ቀን ድካሙን ለጨለማ አስረክቦ ይነሣል። ቀጥሎ ኮንትሮልና ዜድ ነው። የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት ቆዳውን በምላጭ ፍቆ፣ ቀለሙ እንዳይፈስበት ተጠንቅቆ ይጽፍ ነበር፤ የዛሬው ጸሐፊ በሁለት ጣት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ገጹን ሁሉ የሚመርጠው ኮንትሮልና ኤ፣ የጠፋን ስም የሚፈልገው ኮንትሮልና ኤፍ፣ ወደ ወረቀት የሚያወጣው ኮንትሮልና ፒ፣ ከተከፈተ ሥራ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ኦልትና ታብ ይመጣሉ። ደግሞም ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ሲጽፍ «ለሚመለከተው ሁሉ» ወይም «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን ሐረግ በሙሉ እንዲያወጣ አስቀድሞ ኮምፒውተሩን ማስተማር ይችላል። ይህ የመጨረሻው ከአዛዥ ጌራ ምልክት ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ራሱ ያስተውለዋል።

የቆላው አገር ጸሐፊ ግን ከአዲስ አበባው የሚበልጥ አንድ አቋራጭ ያስፈልገዋል። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ፣ በዚያ አገር የቀበሌው ደብዳቤ በቁቤ፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላከው በአማርኛ ይጻፋል። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ብዙ ጊዜ ይሻገራል። በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ይህን መሻገሪያ የሚከፍተው የዊንዶውስ ቁልፍ ከረዥሙ የክፍተት ቁልፍ ጋር ሲነካ ነው። ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል፣ አንድ ሰሌዳ፤ በመካከላቸው ያለው ድልድይ ሁለት ጣት ብቻ ነው።

ይህ ድልድይ ግን በቀላሉ አልተሠራም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ለማግባት በውጭም በአገር ውስጥም ብዙ ሰዎች ደከሙ። በአሜሪካ ዶክተር ፍሥሐ አጥላውና በትምህርታቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ፣ በየፊናቸው ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። በአገር ውስጥ «አጋፋሪ» የተባለው ሥራ ታወቀ፤ ኋላም «ቪዡዋል ግዕዝ» እና «ፓወር ግዕዝ» የተባሉት በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ሱቁ ተስፋፉ። እነዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል፤ እነርሱ ባይኖሩ ፊደላችን ከዘመኑ ጋር ባልተጓዘ ነበር።

ችግሩ ያለው ሁሉም በገዛ ዜማው መሥራቱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ሲሆን፣ የዚያን ዘመን የፊደል ቅርጽ መዝገብ ከ256 በላይ ቍጥር አይችልም፤ እነዚያም ቍጥሮች ለላቲን ፊደል የተሰጡ ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዱ አዘጋጅ በላቲኑ ፊደል ቍጥር ላይ የእኛን ፊደል ደርቦ አስቀመጠ፤ አንድ መዝገብ አልበቃ ሲል ለሁለት ከፈለው፤ የአንዱ ድልድል ከሌላው አልገጠመም። በአንዱ የተጻፈው ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዐተ ነጥብ ትርምስ ሆኖ ይወጣ ነበር። የባቢሎን ግንብ ታሪክ በጽሕፈት ሰሌዳ ላይ ተደገመ።

ይህን የምንለው ከሰማነው ብቻ አይደለም። እኛ ራሳችን ከቆላው አገር ሽማግሌዎች፣ ቦረናዎች «አርጋ ደጌቲ» ይኸውም የታየና የተሰማ ከሚሉት የቃል ታሪክ፣ ጥቂቱን በአማርኛ ጽፈን በኮምፒውተር አስቀምጠን ነበር። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ኮምፒውተር ብንከፍተው አንድም የሚነበብ ቃል አላገኘንበትም። ብዙ ከተፈለገ በኋላ የቀድሞውን የፊደል መዝገብ ያስቀመጠ አንድ የጽሕፈት ባለሙያ ተገኘ፤ እርሱ ዘንድ የነበረው ግን ከሁለቱ ክፍል አንዱ ብቻ ሆነ። እንግዲህ በየቃሉ መካከል ያልተፈቱ ፊደላት እንደ ብል ቀዳዳ ቀሩ። በግምት ያቃናነው አለ፤ ያልቻልነውም አለ። ከነገሩን ሽማግሌዎች አንዱ ዛሬ በሕይወት ስለ ሌሉ፣ ያን ቀዳዳ የሚደፍንልን ሰው የለም። ብራናው ብዙ መቶ ዓመት ሲቆይ፣ የእኛ ድካም ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት የተገኘው ከዚያው ከዜሮክስ ቤት በተነሣ አሳብ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ጆ ቤከር የተባለው የዜሮክስ ሰው፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ እያንዳንዳቸው የማይለወጥ የገዛ ቍጥር ይኑራቸው ብሎ «ዩኒኮድ» የተባለውን እቅድ ጻፈ። በመስከረም ወር 1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ መዝገብ የኢትዮጵያ ፊደል ከ345 ምልክቶቹ ጋር ገባ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 ነው፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለ ተሰጠው ለ ከ4616 ይጀምራል። ልጆች በቄስ ትምህርት ቤት የቈጠሩት የገበታው ሥርዐት ዛሬ በዓለም ኮምፒውተሮች ውስጥ በቍጥር ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም በአገራችን የዱር እንስሳ ስም «ኒያላ» የተባለ የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ።

የቁልፉም ነገር እንዲሁ ቀለለ። ዛሬ ብዙው ሰው የሚጽፈው በድምፅ መንገድ ነው፤ ተነባቢውን በአንድ ቁልፍ፣ አናባቢውን በሌላ ይመታል። «ሰላም» የሚለው ሦስት ፊደል በአምስት ምት ይወጣል። ልብ ብለን ካየነው ይህ የኢንጂነር አያና ብሩ ዘመን አሳብ ነው፤ ግንዱና ቅርንጫፉ ተለይተው ይመታሉ። ልዩነቱ፣ በጥንቱ መኪና ቅጥያው በዐይን እስኪታይ ተለያይቶ ሲቀር፣ በአሁኑ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አዋሕዶ ሙሉውንና ያማረውን ፊደል ማውጣቱ ነው። ፊደሉን እንቀንስ ላሉትም፣ አይነካ ላሉትም መልስ ሆነ።

ሆኖም ሥራው ተፈጽሟል ብለን እንዳንተኛ ሦስት ነገሮች ያሳስቡናል። የመጀመሪያው፣ ቍጥሩ አንድ ሲሆን የቁልፎቹ አቀማመጥ ግን ገና አንድ አለመሆኑ ነው፤ በአንዱ ፕሮግራም የተማረ ጸሐፊ በሌላው ላይ እንደ እንግዳ ይደናበራል። ሁለተኛው፣ ሠ፣ ሐ፣ ኀ እና ፀ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በሺፍት ወይም በድጋሚ ምት ስለ ሆነ፣ የቸኰለ ጸሐፊ ቀላሉን መርጦ «ሥራ»ን «ስራ»፣ «ሕዝብ»ን «ህዝብ» እያለ መጻፉ ነው። እንዲህ ሲሆን የፊደሉን ዕድል የሚወስኑት ሊቃውንት ሳይሆኑ የጣት ስንፍና ይሆናል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉት መዛግብት፣ የመሬት ውል፣ የፍርድ ግልባጭ፣ የሽማግሌዎች ታሪክ፣ በአሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ መቅረታቸው ነው። የቀድሞው የፊደል መዝገብና በእርሱ የሠሩት ባለሙያዎች በሚገኙበት ጊዜ ወደ አዲሱ ቍጥር ካልተመለሱ፣ ነገ የሚመልሳቸው አይገኝም።

ስለዚህ አሮጌ ፋይል ያለው መሥሪያ ቤትም ሆነ ግለሰብ፣ ኮንትሮልና ኤስ ነክቶ ዛሬ የጻፈውን እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ትናንት የተጻፈውንም ከፍቶ ይመርምር እንላለን። መነበቡን ይፈትን፤ የማይነበበውን ባለሙያ ሳይጠፋ ያስመልሰው፤ ቢቻልም አንድ ቅጂ በወረቀት ያኑር።

በዱብሉቅ ኤላ ውሃው ከግርጌ እስከ አፍ የሚደርሰው፣ ከሥር ያለው ሰው ያነሣውን መቅጃ ከበላዩ ያለው እጁን ዘርግቶ ስለሚቀበለው ነው። የጽሑፍም ነገር እንዲሁ ነው። ያለፈው ትውልድ ያቀበለንን ተቀብለን፣ የሚመጣው ሊቀበለው በሚችል እጅ ካላሳለፍነው፣ ውሃው ከመካከላችን ላይ ይፈስሳል፤ የተጠሙትም ከገንዳው ዙሪያ ቆመው ይቀራሉ።